«አትጨነቂ» ሲባል የማይቀለው፦ የቱሉ ዲምቱ የቅዳሜ የነፍሰ ጡሮች ፕሮግራም ሲገመገም

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ያለ አንድ የግል የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነፍሰ ጡሮችን ሰብስቦ የሚሰጠው ፕሮግራም አለ። ርዕሱ በሩ ላይ በትልቁ ተለጥፏል፦ «የእርግዝና ጭንቀት የልጅዎን ጠባይ ይቀርጻል»። አምስት ዙር ነው። አራቱ ከ20ኛው እስከ 34ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይሰጣሉ፤ አምስተኛው ሕፃኑ ስድስት ሳምንት ሲሞላው። አንዱ ዙር አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ከ12 እናት በላይ አይቀበሉም፣ ክፍያው ለአምስቱም 1,500 ብር ነው፤ አንዱን ብቻ ለምትፈልግ 350። ይህን የምንጽፈው በእናቶችና ሕፃናት ጤና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። የክሊኒኩን ስም ትተነዋል፤ ያየነው ጉድለት የአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

ባጭሩ፦ ሦስተኛው ዙር ግሩም ነው፣ አንደኛው መታረም አለበት፣ ሁለተኛው አያያዙ ያሳስባል፣ አምስተኛው ሰዓቱን ስቷል።

አንደኛው ዙር የሚጀምረው በሥዕል ነው። አዋላጅዋ ነጭ ሰሌዳ ላይ እናትየዋን፣ እንግዴ ልጁንና ሽሉን ትስልና ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ከእናት ደም ወደ ልጁ ሲሻገር በቀይ ቀስት ታሳያለች። ቀስቱ እንግዴ ልጁን እንደ ባዶ ቱቦ ሰንጥቆ ያልፋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ መሃል ላይ ዘበኛ አለ። እንግዴ ልጅ ኮርቲሶልን ኮርቲሶን ወደሚባል ሥራ ፈት መልክ የሚቀይር ኢንዛይም አለው። አብዛኛው እዚያው ይመክናል፤ በሽሉ ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ከእናትየው ወደ አሥር እጅ ያነሰ ነው። ጭንቀቱ ለሳምንታትና ለወራት ሳይፋታ ሲቀጥል ግን ይህ ኢንዛይም ሊቀንስ እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል፤ ዘበኛው ሲደክም የሚሾልከው ይበዛል ማለት ነው። ሌላም የተዘለለ ነገር አለ። ኮርቲሶል መርዝ አይደለም። በጤናማ እርግዝናም ቢሆን በመጨረሻዎቹ ወራት ከወትሮው እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ የሕፃኑ ሳንባ ለመተንፈስ የሚበስለውም በእሱ አጋዥነት ነው። ይህን ሳትሰማ የወጣች እናት ቤቷ የምትገባው «ሰውነቴ ልጄን እየመረዘው ነው» ብላ ነው። ለጭንቀት መድኃኒት ልትፈልግ መጥታ አዲስ ጭንቀት ገዝታ ሄደች።

ጥያቄና መልሱ ላይ ይኸው ወዲያው ታየ። አንዲት እናት እጇን አውጥታ «ሲስተር፣ ባለፈው ሳምንት ከባለቤቴ ጋር ተጣልቼ ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ ነው ያደርኩት፤ ልጄን ጎድቼው ይሆን?» አለች። መልሱ «ካሁን በኋላ እንዳታለቅሺ፣ የኔ እናት» ነበር። ቅን መልስ ነው፣ ግን ጥያቄዋን አልነካውም። መባል የነበረበት «አልጎዳሽውም» ነው። አንድ ሌሊት ማልቀስ፣ አንድ ድንጋጤ፣ የፈተና ሰሞን መወጠር ለጤናማ እርግዝና የሚያስፈራ ነገር አይደለም። የሚያሳስበን የማይለቅ ነው፦ በየቀኑ የሚነሳ የቤት ኪራይ ሥጋት፣ ማስፈራራትና ድብደባ፣ ለወራት የቆየ እንቅልፍ ማጣት፣ ከአልጋ የማያስነሳ ድባቴ። በነገራችን ላይ ነፍሰ ጡር መርዶ አይነገራትም የሚለው ልማዳችንም በዚሁ ዓይን ቢታይ ጥሩ ነው። ጥንቃቄው ከደግነት የመጣ ነው፤ ነገር ግን ስልክ ሲደወል ዝም የሚባልባት፣ ጥቁር የለበሰ ሰው ሲደበቅባት የከረመች ሴት ከአንድ ቀን ለቅሶ ይልቅ የሁለት ወር ጥርጣሬ ትሸከማለች።

ማስረጃው ላይ ክሊኒኩ «ጥናቶች ያረጋግጣሉ» ብሎ ያልፋል። እኛ ትንሽ እናብራራው፣ ምክንያቱም «ይቀርጻል» የሚለው ግስ ከብዷል። እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርኒያ የወጣ ጥናት የእናቶችን ኮርቲሶል በተለያዩ የእርግዝና ሳምንታት ለክቶ፣ ሕፃናቱ ሁለት ወር ሲሞላቸው ጠባያቸውን ጠየቀ። ከፍ ያለ ኮርቲሶል ከሕፃኑ ቶሎ መረበሽ ጋር የተያያዘው ከ30ኛው እስከ 32ኛው ሳምንት የተለካው ብቻ ነበር፤ ከዚያ በፊት የተለካው አልነበረም። በእንግሊዝ ብሪስቶል አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 የወለዱ በሺዎች የሚቆጠሩ እናቶችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ በእርግዝናው መጨረሻ እጅግ የተጨነቁት እናቶች ልጆች አራት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው የስሜትና የባህርይ ችግር የመታየት ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ አገኘው። እጥፍ ሲባል ያስደነግጣል፤ ግን ከእነዚያው እጅግ ከተጨነቁት እናቶች ልጆች መካከልም አብዛኞቹ ችግር አልታየባቸውም።

ተጠራጣሪ አንባቢ «የተጨናቂ እናት ልጅ ተጨናቂ የሚሆነው በዘር ቢሆንስ?» ሊል ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ክሊኒኩ ውስጥ ማንም አለመጠየቁ ይገርማል። ለዚህ የሚጠቅመን የኩቤክ በረዶ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 1998 በካናዳ ኩቤክ የወረደ የበረዶ ዝናብ የመብራት ምሰሶዎችን ሰባብሮ ሚሊዮኖችን በክረምት ያለ መብራት አስቀረ፤ አንዳንዱ ቤት ከወር በላይ። ማን ስንት ቀን በጨለማ እንደሚቆይ የወሰነው አየሩ እንጂ የእናትየዋ ተፈጥሮ አይደለም። በዚያ ጊዜ ነፍሰ ጡር የነበሩትን የተከታተሉ ተመራማሪዎች መከራው ከሕፃናቱ የስድስት ወር ጠባይ ጋር እንደሚያያዝ አገኙ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2010 ከብሪታንያ የወጣ ሌላ ጥናት ከለጋሽ እንቁላል የተፀነሱትን ከእናታቸው እንቁላል ከተፀነሱት ጋር አነጻጽሮ፣ አንዳንዱ ባህርይ ከማሕፀን፣ አንዳንዱ ከዘር፣ የልጁ ፍርሃት ደግሞ በአብዛኛው እናትየዋ አሁን ካለባት ጭንቀት ጋር እንደሚሄድ አሳይቷል። ስለዚህ ነገሩ አለ፣ ግን መካከለኛ ነው፤ ከብዙ ክሮች አንዱ ነው። በዚያ ላይ የሕፃኑን ጠባይ በቅጽ የምትሞላው ብዙ ጊዜ እናትየዋ ራሷ ናት፤ የከፋት ሰው የልጇ ለቅሶ ይረዝምባታል።

«ነጭናጫ ልጅ» የሚለውን ቃል ከሥልጠናው ቢያወጡት እንመርጣለን። ጠባይ ማለት ልጁ ከድምፅ፣ ከብርሃን፣ ከአዲስ ፊት ጋር ሲገናኝ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚነሳና ምን ያህል ቆይቶ እንደሚረጋ ነው፤ ከአስተዳደግ ጉድለት ጋር አይምታታም። እ.ኤ.አ. በ1956 በኒው ዮርክ የተጀመረው የታወቀ የረጅም ጊዜ ክትትል ከሕፃናቱ 40 በመቶ ያህሉን ቀላል፣ 15 በመቶውን ቀስ ብሎ የሚላመድ፣ 10 በመቶውን አስቸጋሪ ብሎ ሲመድብ፣ የቀሩት 35 በመቶ ከየትኛውም አልገቡም። ከሦስት ሕፃን አንዱ ስም የማይወጣለት ነው።

ወደ ሁለተኛው ዙር። እዚህ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድባቴ መመርመሪያ ይሞላል። መሣሪያው የታወቀ ነው፣ በአዲስ አበባም ተፈትኗል። ጥያቄዎቹ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይመለከታሉ፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፣ ድምሩ ከ27 ነው፤ 10ና ከዚያ በላይ ሲሆን ጠለቅ ያለ ምርመራ ይፈልጋል። ችግሩ አሞላሉ ላይ ነው። ክፍሉ አንድ ስለሆነ ጥያቄው ጮክ ብሎ ይነበባል፤ አማት ወይም ባል አብሮ ከመጣ አጠገቧ እንደተቀመጠ። «ብሞት ይሻለኛል ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?» የሚለው ዘጠነኛው ጥያቄ አማት አጠገብ ሲነበብ መልሱ ሁልጊዜ «ኧረ በፍጹም» ነው። ይህ ጥያቄ ለብቻ፣ በር ተዘግቶ፣ ድምፅ ተቀንሶ ይጠየቃል፤ አዎ ከተባለ ድምሩ 3 ቢሆንም እንኳ በዚያው ቀን ሰው ያነጋግራታል። ድብደባ አለ ወይ የሚለውም ባል ባለበት በፍጹም አይጠየቅም፤ የሚከፈለውን ዋጋ ቤት ስትገባ የምትከፍለው እሷ ናት።

የቃላቱም ነገር አለ። ቅጹ «የመደበት ስሜት» ይላል፤ እናቶቹ ግን «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «ልቤ ይጨነቃል»፣ «ነገር ዓለሙ አስጠልቶኛል» ነው የሚሉት። ጠያቂዋ ሁለቱን ካላገናኘች 0 እየጻፈች ትሄዳለች። በተቃራኒው ድካም፣ እንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መለወጥ ከእርግዝናው ራሱ ስለሚመጡ ድምሩን ያለ አግባብ ይሰቅሉታል። ስለዚህ «ደከመኝ» ላለች ሴት ከምክር በፊት የደም ማነስ ይታያል፤ ሄሞግሎቢን ከ11 በታች ከሆነ ድካሙ ከደሟ ሊሆን ይችላል። የአይረን ፎሊክ አሲዱን ኪኒን ከቡና ወይም ከሻይ ጋር የምትውጥ እናት ደግሞ ብዙ ናት። ቡናው አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል፤ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ልዩነት፣ ሁለት ቢሆን የተሻለ። አቦልን ጠጥታ ቶናና በረካውን ለጎረቤት ብትተው ለእንቅልፏም ይጠቅማል። ይህን ክሊኒኩ አላነሳውም።

ከፍ ያለ ውጤት ላመጣች እናት የሚሰጠው አንድ የሪፈር ወረቀት ነው፤ ማንን እንደምታገኝ፣ ምን እንደምትባል የሚነግራት የለም። «አማኑኤል ሊልኩኝ ነው» ብላ ወረቀቷን ቦርሳ ውስጥ የምትቀብር ሴት መኖሯን ማንም የጤና ባለሙያ ያውቃል። ነገሩ ደግሞ የውጭ አገር ጣጣ አይደለም። በቡታጅራ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት በእርግዝና ወቅት የአእምሮ ጭንቀት ያለባቸው እናቶች ምጣቸው የመርዘምና ጡት ማጥባት ዘግይተው የመጀመር አዝማሚያ እንዳላቸው አሳይቷል።

ሦስተኛው ዙር ግን! እዚህ ላይ ሰሌዳ የለም፣ ሆርሞን የለም። ለእያንዳንዷ እናት አንድ ወረቀት ይሰጣትና ከላይ እስከ ታች መስመር ታሰምራለች፤ በግራ «የሚቀየር»፣ በቀኝ «የማይቀየር»። ያስጨነቃትን ሁሉ ትጽፋለች፤ መጻፍ የማትችል አጠገቧ ያለችው ትጽፍላታለች። ከዚያ ከግራው አንድ ብቻ ይመረጣል። አንዷ የመረጠችው ውሃ ነበር። አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፣ ሊፍት የለም፣ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ከታች ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትሸከማለች። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ሰባት ወር ሆኗታል። አዋላጅዋ «ተይው» አላለቻትም። መጀመሪያ «ውሃ የሚመጣው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ነው?» አለቻት። ማክሰኞና ዓርብ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ። «በቀን ስንት ሊትር ትጨርሻለሽ? ለመጠጥና ለምግብ የሚሆነው ስንቱ ነው?» ሲቆጠር ወደ 15 ሆነ። «ያን ሰዓት ማን ቤት አለ?» ባሏ። «ከደረጃው ማን ይወርዳል?» የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤት ልጅ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው እንዲህ ነበር፦ ማክሰኞ ሌሊት ባልየው አራት ጀሪካን ይሞላል፤ የልብስ ማጠቢያው ውሃ ታች ይቀራል፣ ልብሱም ታች ይታጠባል፤ በመሃል ካስፈለገ ባለ 5 ሊትር ብቻ፣ እሱም በጎረቤት ልጅ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ ትናገራለች። አለቀ። ከምናውቃቸው የጭንቀት ሕክምናዎች ውስጥ በደንብ የተፈተነው አንዱ ይኸው ነው፤ ችግርን ከፋፍሎ መፍታት ይባላል፣ ማንኛዋም የሠለጠነች አዋላጅ ልትመራው ትችላለች።

የዚሁ ዙር ሁለተኛ አጋማሽ የመተንፈስ ልምምድ ነው። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ መሳብ፣ በአፍ እስከ 6 ቀስ ብሎ ማውጣት፣ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ። አወጣጡ ከአሳሳቡ መርዘሙ ነው ልብን የሚያረጋጋው። ትንፋሽ መያዝ የለም፤ ያዞራል። አንድ እርማት፦ እናቶቹ ምንጣፍ ላይ በጀርባቸው እንዲንጋለሉ ተደርጓል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ማሕፀን ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫን ግፊት ይወርዳል፣ ላብ ላብ ይላል፣ ያቅለሸልሻል። ከ12ቱ ሁለቱ ያዞረን ብለው የተነሱት በዚህ ነው፤ «ልምምዱ ከበዳቸው» የተባለው ስህተት ነው። በግራ ጎን መተኛት ወይም ትራስ ተደግፎ መቀመጥ ነው።

አራተኛው የባሎች ዙር ነው፤ ሦስት ብቻ መጡ። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ነው፣ ምን ይደረግ። የመጡትም ቢሆን «እርዷት» ተብለው ተሸኙ፤ ምኑን የሚል የለም። ሕጉን እንኳ ማንበብ ይቻል ነበር፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር፣ አባት ደግሞ 3 ቀን ይሰጠዋል። ሦስቱን ቀን ለዘመድ ማስተናገጃ ያውለዋል ወይስ ሌሊት ሕፃኑን ለመያዝ? አስቀድሞ መነጋገር ነው።

አምስተኛው ዙር ስለ ለቅሶ ነው፤ ይዘቱ መልካም፣ ቀኑ የተሳሳተ። የሕፃን ለቅሶ ከተወለደ ከሁለተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ጣሪያ ይነካል፤ በሦስትና በአራት ወር ይቀንሳል። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ማስተማር ጎርፉ ከገባ በኋላ ቦይ መቆፈር ነው። 34ኛው ሳምንት ላይ መሰጠት ነበረበት። ሌላው ደግሞ ብዙ የኦርቶዶክስ እናቶች ወንድ ሲሆን በ40፣ ሴት ስትሆን በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሳ ከቤት ብዙም አይወጡም። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው፤ የሴት ልጅ እናቶች ያልመጡት ቸልተኛ ሆነው አይደለም። ለክትባት ግን ይወጣሉ፤ የ45 ቀኑ ክትባት ቀን ላይ ቢያጣብቁት ክፍሉ ይሞላ ነበር።

የሚያስተምሩት ቅደም ተከተል ትክክል ነው። ነጠላ ጠቅልለው አሻንጉሊት ሠርተውበታል። መጀመሪያ ጡት፤ ቀጥሎ ሽንት ጨርቅ፤ ቀጥሎ ሙቀት፣ አንገቱ ሥር በእጅ ጀርባ ይዳሰሳል፣ ላብ ካለ አንድ ልብስ ይወርዳል። ከዚያ ገላ ለገላ ደረት ላይ፤ ከዚያ አንቀልባ። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞንትሪያል የወጣ ጥናት ባያለቅሱም ጭምር በቀን ቢያንስ ሦስት ሰዓት እንዲያዙ የተደረጉ ሕፃናት በስድስተኛው ሳምንት ለቅሷቸው በ43 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። አያቶቻችን ያለ ጥናት ያዘሉት ነው። ሲታዘል አፍንጫና አፉ እንዳይሸፈን፣ አገጩ ደረቱ ላይ እንዳይጣበቅ፤ ነጠላው ጭንቅላቱን ሲሸፍነው አየር መግቢያ ይተዋል። ሁሉም አልሠራ ብሎ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሕፃኑን በጀርባው አልጋ ላይ አስተኝቶ በር ዘግቶ አሥር ደቂቃ መውጣት ነው፤ በንዴት መነቅነቅ አንጎሉን ሊያደማው ይችላል። ይህን የመጨረሻውን በሩ ላይ ቢለጥፉት ከአሁኑ ማስታወቂያ ይሻል ነበር።

የጎደለው አንድ ነገር አለ፤ ጠባዩ ፈጥኖ የሚነሳ ልጅ ላላት እናት ከዚያ በኋላ ምን ይደረግላታል? በኔዘርላንድስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ሙከራ ላይ ከድሃ ቤተሰብ የተወለዱ 100 ቶሎ የሚረበሹ ሕፃናት ተመርጠው፣ ለግማሾቹ እናቶች ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ወር ሦስት የቤት ጉብኝት ተደረገላቸው። ሥራው የልጁን ምልክት ማንበብና ቶሎ ምላሽ መስጠት ብቻ ነበር። ዓመት ሲሞላቸው እነዚያ ልጆች ከእናታቸው ጋር ያላቸው ትስስር ካልተጎበኙት የተረጋጋ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ጉብኝት! ክሊኒኩ የአምስተኛውን ዙር አዳራሽ ትቶ በባጃጅ የሦስት ቤት ደጅ ቢያንኳኳ ወጪው ብዙም አይለይም።

ለመመዝገብ ለምታስቡ፦ ፕሮግራሙ የእርግዝና ክትትልን አይተካም። ክትትሉ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ፣ በጠቅላላው ስምንት ጊዜ። ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ ደም መፍሰስ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ ቅዳሜን አይጠበቅም። ከመክፈልዎ በፊት ቅጹ ለብቻዎ ይሞላ እንደሆነ ይጠይቁ፤ «አይ፣ እዚሁ ነው» ካሉዎት ሁለተኛውን ዙር ይዝለሉት። ለአንዱ ብቻ 350 ብር ያላት እናት ሦስተኛውን ትውሰድ፤ ከቤቷ ትራስ ይዛ ትሂድ፣ እነሱ ጋ ያሉት አራት ብቻ ናቸው።